በየወሩ የሚከፈልበት ጨዋታና የተጫዋቾቹ ቅሬታ

በዚህ በቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ገንዘብ አጠባበቅ ልዩ ልዩ ነገር ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከሦስቱም ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። ይኸውም ቪዲዮ ጌም የሚባለው በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ጨዋታ በየወሩ ገንዘብ የሚከፈልበት በሆነ ጊዜ፥ ከዚያም በላይ አዲስ ክፍል በተጨመረለት ቁጥር እንደ ገና ዋጋ በተጠየቀበት ጊዜ፥ ተጫዋቾቹ ነገሩን እንዴት አድርገው እንደ ተቀበሉት ነው። ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአባትና ከእናት ኪስ ነው፤ ደግሞም በሻጭና በገዢ መካከል ቃል እንዴት እንደሚጠበቅና እንዴት እንደሚፈርስ ከዚህ ብዙ ትምህርት ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፥ ዋጋዎቹም በአሜሪካ ዶላር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቀድሞ ጨዋታ ማለት እንደ ገበጣና እንደ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ገዝተው ቤት የሚያስቀምጡት ዕቃ ነበረ። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ ግን በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድነት ገብተው የሚጫወቱበት፥ ሌሊትና ቀን የማይዘጋ ጨዋታ ተፈጠረ። ተጫዋቹ በዚያ ውስጥ በእርሱ ፈንታ የሚመላለስ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ ልብስና የጦር መሣሪያ ያበጅለታል፤ ከሌሎችም ጋር ማኅበር ገብቶ አብሮ ይዘምታል። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ያሉት በኩባንያው እጅ ነው። ለእነርሱም ኤሌክትሪክ፥ ጠባቂና የተበላሸውን የሚያቃና ሠራተኛ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ የጨዋታውን ዋጋ አንድ ጊዜ ከተቀበሉ በኋላ በየወሩ ሌላ ገንዘብ ማስከፈል ጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ኡልቲማ ኦንላይን የሚባለው ጨዋታ በወር 9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ኤቨርክዌስት ደግሞ ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ማስፋፊያ አውጥቶ ለብቻው ሸጠ።

ማስፋፊያ ማለት በቀድሞው ጨዋታ ላይ አዲስ አገር፥ አዲስ ጠላትና አዲስ ታሪክ የሚጨምር ክፍል ነው። የክርክሩም ሥር ያለው በዚህ ነው። ተጫዋቹ፥ «በየወሩ የምከፍለው ጨዋታው እንዲሻሻልና እንዲያድግ አይደለምን? ታዲያ ሲያድግ ስለ ምን ሁለተኛ እጠየቃለሁ?» ይላል። ኩባንያውም፥ «የወሩ ገንዘብ የሚውለው ያለውን ለመጠበቅ ነው፤ አዲሱን ለመሥራት ግን ብዙ ሠራተኞች ለረዥም ጊዜ ይደክማሉ፤ ይህ የተለየ ሥራ ስለ ሆነ የተለየ ዋጋ ይገባዋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገን በየበኩሉ እውነት አለው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ብሊዛርድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር ወር 2004 ዓ.ም. ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፥ በአሜሪካ የወሩ ክፍያ 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆኖ ተወሰነ። ይህ ዋጋ በዚያ አገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይለወጥ ቆየ። ሁለት ዓመት በየወሩ የሚከፍል ሰው 359 ዶላር ከ76 ሳንቲም ያወጣል። በሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ የሚወጣውን ማስፋፊያ እንደ 2024 ዓ.ም. ዋጋ በ49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲገዛበት ድምሩ 409 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ ከጠቅላላው ወጪ የማስፋፊያው ድርሻ ከስምንት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ጩኸት የሚነሣው በዚህች በስምንተኛዋ እጅ ላይ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ቢነገርም ገዢ አልታጣም። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው ማስፋፊያ በወጣ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ 2 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ያህል ተሸጠ። በ2010 ዓ.ም. የደንበኞቹ ቁጥር 12 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ኩባንያው በጨዋታው ውስጥ ብቻ የሚጋለብ አንድ ኮከብ የመሰለ ፈረስ በ25 ዶላር ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ «ወርሃዊውን እየከፈልን ደግሞ ለፈረስ!» ብለው ሲቈጡ፥ ሌሎቹ ፈረሱን ለመግዛት እጅግ ረዥም ሰልፍ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ የሚጮኽ ሁሉ ጨዋታውን ይተዋል፥ የሚገዛም ሁሉ ዋጋውን ወዶታል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ ሳያጕረመርም የሚከፍል ሰው መቼ ነው የሚቈጣ? የተለያዩ ጨዋታዎችን ታሪክ ስንመረምር ቍጣው ከዋጋው መብዛት ይልቅ ከሦስት ነገሮች ሲነሣ እናገኘዋለን። እነርሱም የተሰጠ ቃል ሲጠመዘዝ፥ የቈየው ደንበኛ ከአዲሱ ሲያንስና ሳይመክሩበት አዲስ ሥርዓት ሲጫንበት ናቸው።

ስለ መጀመሪያው፥ ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን የሚባለውን ጨዋታ እንጠቅሳለን። ይህ ጨዋታ በሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ወርሃዊ ክፍያ ግዴታ ነበር። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ግን ግዴታው ቀረና ክፍያው በፈቃድ ሆነ። በፈቃዱ በየወሩ ለሚከፍል ሰው በየጊዜው የሚወጡት ተጨማሪ ክፍሎች ይከፈቱለታል፤ መክፈሉን ሲያቆም ግን ለብቻ ያልገዛቸው ክፍሎች ይዘጉበታል። ብዙ ሰዎች በዚህ ውል ተስማምተው ሲኖሩ፥ በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ሞሮዊንድ የተባለ ሰፊ ማስፋፊያ ወጣ። ኩባንያው ይህንን ተጨማሪ ክፍል ሳይሆን «ምዕራፍ» ብሎ ስለ ሰየመው በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ አልገባም፤ የቀድሞዎቹም ተጫዋቾች 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ያን ጊዜ በየወሩ ሲከፍሉ የነበሩት፥ «ስሙ ስለ ተለወጠ ውሉ ይለወጣልን?» ብለው አጕረመረሙ። ኩባንያው ምዕራፉ እንደ አንድ ሙሉ ጨዋታ ሰፊ መሆኑን አስረዳ፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን አገራችን «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብላ እንደምትተርተው፥ ሰው ከሥራው ስፋት ይልቅ የቃሉን መጽናት ይመለከታል። ይህ ምዕራፍ በኋላ ጊዜ በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ተጨምሯል።

ስለ ሁለተኛው፥ ጊልድ ዎርስ 2 የሚባለው ጨዋታ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ ጨዋታ ወርሃዊ ክፍያ የሌለበት ነው። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ማስፋፊያው አስቀድሞ መሸጥ ሲጀምር ዋጋው 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆነ፤ በዚያም ዋጋ ውስጥ ዋናው ጨዋታ አብሮ ይሰጥ ነበር። ዋናውን ጨዋታ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ገዝተው የነበሩት ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ፥ «እኛ በፊት የከፈልንበትን አዲስ መጭው በነጻ ያገኛል፤ እኛ ግን እኩል ከፍለን እኵሌታውን እናገኛለን» ብለው አዘኑ። ኩባንያውም አቤቱታውን ሰምቶ፥ ማስፋፊያውን አስቀድመው ለሚገዙ ነባር ደንበኞች አንድ ተጨማሪ ሰው የሚፈጥሩበትን ቦታ በነጻ ሰጣቸው። የተሰጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አለቃ ለቈየ አሽከሩ ባደባባይ ሲያመሰግነው እንደሚያደርገው ያለ ክብር ነበረበት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ የሚገኘው ሲሲፒ የተባለው ኩባንያ፥ ኢቭ ኦንላይን የሚባለውን ጨዋታ በ2003 ዓ.ም. አወጣ። ወርሃዊውን ለሚከፍል ሰው ማስፋፊያውን ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሰጥ ስለ ነበረ ተጫዋቾቹ ይወዱት ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም ተጫዋቾቹ በድምፅ የመረጡት ሸንጎ ከኩባንያው ጋር ይመካከር ነበር። በሰኔ ወር 2011 ዓ.ም. ግን ከአንድ አዲስ ማስፋፊያ ጋር በጨዋታው ውስጥ የልብስና የጌጥ ሱቅ ተከፈተ። ከጌጦቹም መካከል በአንድ ዓይን ብቻ የሚደረግ መነጽር 60 ዶላር ያህል ዋጋ ተቈረጠለት። በዚያው ሰሞን ኩባንያው ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው ጽሑፍ አምልጦ ወጣና፥ ነገ ከጌጥ አልፎ ኀይልም በገንዘብ ይሸጣል የሚል ሥጋት አደረ። ተጫዋቾቹ ጂታ በምትባለው የጨዋታው ታላቅ ገበያ መርከቦቻቸውን ይዘው ተሰበሰቡ፤ በዚያ የነበረውንም ሐውልት እየተኰሱ ተቃውሟቸውን ገለጹ። ኩባንያው የሸንጎውን አባሎች ወደ ሬይኪያቪክ ጠርቶ መከረ። በጥቅምት ወርም ዋናው ሥራ አስኪያጅ ሂልማር ፔቱርሶን ጥፋቱን አምኖ ለተጫዋቾቹ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያው ወር ኩባንያው ከሠራተኞቹ ከአምስት እጅ አንዱን ለማሰናበት ተገደደ። ይኸው ኩባንያ በግንቦት ወር 2022 ዓ.ም. የወሩን ክፍያ ከ14 ዶላር ከ99 ወደ 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍ ባደረገ ጊዜም ብርቱ ቅሬታ ተነሥቷል።

በአንጻሩ ደግሞ የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ ያደረገው መልካም ምሳሌ ነው። በመስከረም ወር 2010 ዓ.ም. ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ 14 የተባለው ጨዋታ እጅግ ጕድለት የበዛበት ሆኖ ተገኘ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዮይቺ ዋዳ በታኅሣሥ ይቅርታ ጠየቁ፤ የሥራው መሪዎች ተለወጡ፤ ወርሃዊ ክፍያም እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ሳይጠየቅ ቀረ። በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. አሮጌው ጨዋታ ተዘግቶ፥ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. እንደ አዲስ ታድሶ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች ወርሃዊውንም የማስፋፊያውንም ዋጋ እየከፈሉ ለብዙ ዓመታት ቈይተዋል። ሁለት ጊዜ መክፈል ብቻውን ደንበኛን የሚያባርር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እኛ ነገሩን ስናስተያየው ተጫዋቹ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ሆኖ ይታየናል። ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ነገር ግን ግድግዳውን የለሰነ፥ አትክልቱን የተከለ፥ ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና የጠጣ እርሱ ነው። ኪራዩን ከፍ ቢያደርጉበት ለመልቀቅ ነጻነት አለው ቢባል፥ የተከለውን አትክልትና የለመዳቸውን ጎረቤቶች ይዞ መሄድ አይችልም። ስለዚህ በየወሩ ከሚወጣው 15 ዶላር ይልቅ የሚከብደው በዓመታት የተከማቸው ጊዜና ወዳጅነት ነው። ኩባንያውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ለመጨመር ይደፍራል፤ ተጫዋቹም መያዙን ስለሚያውቅ በትንሹ ነገር በብርቱ ይቈጣል። ቍጣው የስስት ነው ብሎ መፍረድ ነገሩን አለማወቅ ነው።

ልጆቻቸውን በአሜሪካና በኤውሮፓ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ከዚህ ዓይነቱ ክፍያ ጋር መገናኘታቸው የማይቀር ስለ ሆነ፥ ለእነርሱና ለማንኛውም ወላጅ የሚጠቅመውን በአጭሩ እናመለክታለን።

መጀመሪያ፥ ዋጋውን በወር ሳይሆን በዓመት ማስላት ይገባል። 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 179 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነው። ሁለተኛ፥ ከመግባት በፊት «መክፈል ሳቆም ምን ይቀርልኛል?» ብሎ መጠየቅና ማስፋፊያው በወሩ ክፍያ ውስጥ መግባቱን ወይም አለመግባቱን ከውሉ ማንበብ ነው። ሦስተኛ፥ ይህ ክፍያ ከባንክ ካርድ ላይ በየወሩ በራሱ እየታደሰ የሚቈረጥ ስለ ሆነ፥ ልጁ ጨዋታውን ከተወ በኋላ እንኳ ገንዘቡ መውጣቱን እንዳይቀጥል መከታተል ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

አራተኛውና ዋናው ምክር ግን ስለ ልጁ ልብ ነው። ልጅ ስለ ማስፋፊያ ዋጋ ሲያዝን አባት «ይህ ከንቱ ነገር ነው» ብሎ ቢገሥጸው፥ ልጁ የሚያዝነው ጓደኞቹ ሁሉ ወደ አዲሱ አገር ተሻግረው እርሱ ብቻውን በአሮጌው ስለ ቀረ መሆኑን ሳያውቅለት ይቀራል። ይልቅስ ሒሳቡን አብሮ ቢያሰላ፥ ከወር አበሉ የተወሰነውን ራሱ እንዲያስቀምጥ ቢያደርገው፥ ማስፋፊያው ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ ዋጋው ዝቅ ሲል መግዛት እንደሚቻል ቢያሳየው፥ ልጁ ከጨዋታው ደስታ ጋር የገንዘብን ጠባይ ይማራል። ሊከፈል የማይቻል በሆነ ጊዜም ምክንያቱን ግልጽ አድርጎ መንገር ከቍጣ ይሻላል።

ከላይ ያየናቸው ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን አክብረው በተናገሩ ጊዜ ተከብረዋል፤ አታልለው በተናገሩ ጊዜ ከብዙ ገንዘብ ጋር መታመንን አጥተዋል። የቤተሰብም አስተዳዳሪ ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። ልጅ የተነገረውን ቃል ልክ እንደ ደንበኛ ቈጥሮ ይይዘዋልና፥ ለልጆቻችን የምንሰጠው ተስፋ በኋላ ስሙን የምንለውጥለት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።