ገላን ኮንዶሚኒየም፦ የቤት ዋጋና የመንገድ ዋጋ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ገላን ኮንዶሚኒየም ከመሀል ከተማ የራቀ በመሆኑ ኪራዩ ከቦሌና ከካዛንቺስ ስለሚቀንስ፣ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከሚያማትሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ ብቻውን የኑሮን ወጪ አያሳይም። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ፣ መሀል ከተማ የሚሠራ የገላን ነዋሪ ቀሪውን መንገድ በሚኒባስ ታክሲ ወይም በአውቶቡስ መጨረስ ይኖርበታል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ቢሆኑና እያንዳንዳቸው በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ቢሳፈሩ፣ በወር 22 የሥራ ቀናት ውስጥ 176 ጊዜ የትራንስፖርት ሒሳብ ይከፍላሉ፤ ከዚህም በላይ የሚከብደው ልጆች ሳይነቁ ወጥቶ ከተኙ በኋላ መመለስ ነው፤ ይህ ኪሳራ በብር ተተምኖ አያልቅም። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሰፈሩ እስከ ሥራ ቦታ ተጉዞ ሰዓቱን መለካት ይበጃል።

ለመግዛት የሚያስብ ደግሞ የጋራ ሕንፃን፣ ማለትም ቤቱ የግል ሆኖ ደረጃው፣ ጣራውና ግቢው የነዋሪዎች የጋራ ንብረት የሚሆንበትን ይዞታ፣ የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 370/1995 ቢያውቅ መልካም ነው። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ስለተጣለበት፣ የሻጩ ውል የተፈረመበት ቀን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ላይኛው ፎቅ እንደሚደርስ ግን ጎረቤት እንጂ ሰነድ አይናገርም።