በመርፌ ጫፍ የሚሠራ ሕክምና

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂና ሲኤምሲ ድረስ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የሚያነሡ ማዕከላት በብዛት አሉ። ታካሚው ተነሥቶ፣ ፊልሙን በፖስታ ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። በዚያው ምስል እየተመሩ ማከምም እንደሚቻል ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ የሚባለው ይህ ነው።

መሠረቱን የጣለው ስዊድናዊው ስቬን ሰልዲንገር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ መርፌ ደም ሥር ውስጥ ይገባል፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ መርፌው ይወጣና ካቴተር የተባለው ቱቦ ሽቦውን ተከትሎ ይገባል። በ1964 አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር እግሬን አላስቆርጥም ያሉ የ82 ዓመት እናትን የጠበበ ደም ሥር በካቴተር ከፈተላቸው። እግራቸውም ከመቆረጥ ተረፈ።

ዛሬ ጉበት ውስጥ የተጠራቀመ መግል ሆድ ሳይከፈት በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳል። ከተጠረጠረ እጢ ናሙና የሚወሰደውም በዚሁ መንገድ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ለኩላሊት የሚደረገው ነው። የማህፀን በር ካንሰር ሲስፋፋ ሽንት ከኩላሊት የሚወርድባቸውን ቱቦዎች ይጫናል። ሽንቱ መውጫ ያጣል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ ታማሚዋም ኬሞቴራፒውን መቋቋም ሊያቅታት ይችላል። በጀርባ በኩል ወደ ኩላሊት የሚገባ ቀጭን ቱቦ ሽንቱን ውጭ ወዳለ ከረጢት ያወርደዋል። ካንሰሩን አያድንም፤ ኩላሊቱ አገግሞ ሕክምናው እንዲጀመር ግን ጊዜ ይገዛል። ይህ አማራጭ መኖሩን ሳያውቅ እናቱን ወደ ቤት የሚመልስ ቤተሰብ ሊኖር አይገባም።

ማዮማ የተባለው የማህፀን እጢም ያለ ቀዶ ሕክምና ሊታከም ይችላል። ካቴተሩ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነሥቶ እጢውን የሚመግቡት ደም ሥሮች ድረስ ይሄዳል፤ በጥቃቅን ቅንጣቶች ሲዘጋቸው እጢው ይኮሰምናል፣ ማህፀኑም አይወጣም። የመጀመሪያው ቀን ሕመም ግን ቀላል አይደለም። መውለድ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ከመወሰኗ በፊት ከማህፀን ሐኪሟ ጋር በደንብ መነጋገር አለባት።

ይህ የማዮማ ሕክምና ደም ሥሮችን የሚያሳይ የአንጂዮግራፊ ማሽንና በዘርፉ የሠለጠነ ሐኪም ስለሚጠይቅ እንደ አልትራሳውንዱ በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ከመፈረምዎ በፊት «ዶክተር፣ ይህ በመርፌ ሊሠራ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አይቻልም ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ መብትዎ ነው።

ለሕክምናው ሲሄዱ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲም ይያዙ። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አለርጂ ያለብዎ፣ ወይም እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ፤ ደም ማቅጠኛውን በራስዎ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የማያስፈልግ እየመሰላቸው አስታማሚ ሳይዙ የሚመጡ አሉ፤ ማስታገሻ ከተሰጠዎ ግን ብቻዎን ወደ ቤት መሄድ የለብዎትም።

መርፌው በብሽሽት ከገባ ለጥቂት ሰዓታት እግርዎን ሳያጥፉ በጀርባዎ ይተኛሉ። ቤት ከገቡ በኋላ ቦታው ካበጠ ወይም ከደማ በእጅ አጥብቀው ተጭነው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣም እስኪነጋ አይጠብቁ።