በትርና ብዕር፤ የሙዚቃ መሪ የራሱን ድርሰት መቼ ይጽፋል?

በዚህ ዓመት የወላጆች በዓል ላይ የመዝሙር ክበባችን አምስት መዝሙሮች እንዳሰማ ታስታውሳላችሁ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ግን ስድስት ተብሎ ነበር። ስድስተኛውን እደርሳለሁ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ሳልጨርስ የቀረሁትም እኔው ነኝ። ምክንያቱን ብዙ ሰዎች ስለ ጠየቁኝ፣ ይቅርታም ለመጠየቅ፣ ነገሩንም ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቀረብሁ።

የክበቡ መሪ እንደ መሆኔ መጠን ከትምህርት በኋላ ዘወትር ልምምድ አለብኝ። አንዱ ይቀራል፤ አንዱ ይዘገያል፤ አንዷ ግጥሙን ትረሳለች። ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንቤ የራሴን ዜማ ልቀጥል ስል በጆሮዬ የሚደወለው ቀን ሳስጠና የዋልሁት የሌላ ሰው ዜማ ነው። በዓሉ ሲደርስ በእጄ የነበረው አዝማቹ ብቻ ነበር። ይህን ለመምህራችን በሐዘን ብነግራቸው «ይህ ችግር ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የነርሲስ ናልባንዲያንን ሕይወት ተመልከቺ» አሉኝ።

ወደ እርሳቸው ታሪክ ከመግባታችን በፊት ሁለቱን ሥራዎች እንለይ። የሙዚቃ ደራሲ ማለት ከዚህ በፊት ያልነበረ ዜማ አስቦ በኖታ የሚጽፍ ነው። የኦርኬስትራ መሪ ማለት ደግሞ የተጻፈውን ብዙ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ሆነው እንዲጫወቱት የሚያደርግ ነው። ደራሲ ጸጥታና ብቸኝነት ይፈልጋል፤ መሪ ግን ከሰው መካከል ሊጠፋ አይችልም። የመሪ ሥራ ቀን ተቆርጦለታል፤ የደራሲን ሥራ ግን «ነገ» ቢሉት የሚቈጣ የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚዘገየው ድርሰቱ ነው።

የጽሕፈቱም ድካም ቀላል አይደለም። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በደቂቃ 96 ምት ቢኬድ፣ በአንድ ክፍል አራት ምት ቢኖር፣ በጠቅላላው 96 ክፍል ይሆናል። ጓዱ 12 መሣሪያ ካለው በእጅ የሚጻፈው 1,152 ክፍል ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያዎቹ ኖታውን አንድ ዓይነት አያነቡም። የተለመደው ትራምፔት ዶ ብሎ የሚያነበው ድምፅ በፒያኖ ላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ደራሲው ይህን ሁሉ እያሰላ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ወረቀት ያዘጋጃል።

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአይንታብ ከአርመን ቤተ ሰብ ተወለዱ። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አርባ ልጆች የተባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች እየመሩ አዲስ አበባ የገቡትና እስከ 1967 ዓ.ም. ያገለገለውን የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ናቸው። የወንድም ልጅም አጎታቸውን ተከትለው መጥተው ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ፈጸሙ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን፣ የፖሊስ ሠራዊትንና የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራም መሩ።

እስኪ አስቡት፤ ይህ ሁሉ ጓድ፣ ይህ ሁሉ ልምምድና ትርኢት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበረ። ሆኖም ብዕራቸውን አልጣሉም። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ለአፍሪካ መዝሙር ደርሰዋል። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት የሚሄደውን የአምስት ድምፅ ዜማችንን ለትልቅ ኦርኬስትራ ማቀናበርም ዋና ጭንቀታቸው ነበር። ይህ ከባድ ሥራ ነው። የአውሮፓ አጃቢ ስምምነት የተሠራው በሰባት ድምፅ ላይ ስለ ሆነ፣ ሳይመረምሩ ከሥሩ ቢያነጥፉት በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ይገቡና የትዝታው ጣዕም ይጠፋል።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ጉስታቭ ማለር ከ1897 እስከ 1907 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ መሪ ነበረ። በሥራ ወራት ለራሱ ድርሰት ጊዜ ስላልነበረው፣ የበጋ ዕረፍቱ ሲደርስ በሐይቅ ዳር በሠራት ትንሽ ጎጆ ውስጥ ማንም ሳይረብሸው ይጽፍ ነበር። ትልልቆቹ ሲምፎኒዎቹ በብዛት የዕረፍት ወራት ፍሬ ናቸው። በ1911 ሲሞት ግን አሥረኛውን ሳይጨርስ ቀረ።

በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንኮበር አያቴ ዘንድ ሳድር የማሕሌት ድምፅ በጭጋጉ ውስጥ ሲመጣ ሰምቻለሁ። መሪጌታው ሌሊቱን ሙሉ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ሲመራ ያድራል፤ ለዕለቱ ግን አዲስ ቅኔ ያስፈልጋል። ያምናው አይደገምም። እዚያ መምራትና መድረስ አብረው የሚኖሩት ሥርዓቱ ለአዲሱ ቅኔ ቦታ ስላስቀመጠለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁት ይህን ነው። መድረኩ የድርሰት ጠላት አይደለም፤ ጓድ የሌለው ደራሲ የጻፈውን በጆሮው መስማት ያቅተዋል። ነገር ግን ለብዕር የተለየ ሰዓት ካልተሰጠው መድረኩ ሁሉንም ይበላል። ጭብጨባ በዚያው ምሽት ያልቃል፤ የተጻፈ ኖታ ግን ይጠብቃል። ነርሲስ ናልባንዲያን በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የነበረው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን የጃዝ ጓድ የእርሳቸውን ኖታ አንሥቶ ተጫውቶታል። ባይጻፍ ኖሮ ምን ያነሣ ነበር?

ስለዚህ ለመጪው ዓመት ከክበቡ አባሎች ጋር ተስማምተናል። ሐሙስ ሐሙስ ልምምዱን ምክትሌ ይመራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ይህን ክረምት ደግሞ አዝማቹን ይዤ አንኮበር እወርዳለሁ። ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ልጃችሁ ወረቀት ይዞ ዝም ብሎ መስኮት ሲመለከት ብታዩት፣ ሥራ ፈት ነው ብላችሁ ቶሎ አትጥሩት። ምናልባት የጎደለውን ስድስተኛ መዝሙር እየጻፈላችሁ ይሆናል።