ያውቁ ኖሯል? ሥዕል እየተቀዳ አገር ሲዞር

መርካቶ ራጉኤል ደጃፍ ከሚገዙት የታተመ የቅዱሳን ሥዕል ጀርባ የብዙ መቶ ዓመታት የመቅዳት ታሪክ አለ።

• ጃፓኖች የቡድሃ ሃይማኖት ተአምራትን በረጅም ጥቅልል ላይ በሥዕል ይተርኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1390ዎቹ «ዩዙ ኔንቡትሱ ኤንጊ» የተባለውን ጥቅልል ጽሑፉንም ሥዕሉንም በእንጨት ላይ ቀርጸው አተሙት፤ ለየአውራጃው እንዲዳረስ ነበር።

• በዚያው ዘመን ግድም፣ ዓፄ ዳዊት በነገሡበት ጊዜ፣ ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተረጎመ። ልጃቸው ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ፤ ጸሐፍትና ሠዓሊዎች እየገለበጡ አዳረሱት።

• የእኛም ባለ ሥዕል ጥቅልል አለ፤ ክታብ ነው። ቁርጥራጭ ብራና በቀጭን ጠፍር እየተሰፋ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ የክርስትና ስሙም በጸሎቱ መሀል ይገባል። በብዙ ክታቦች ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ፣ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት ይታያል።

• የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ከእንጨት ኅትመትም ቀድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ የታተመው ዐረብኛ ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን ሥዕሎች ይዟል። መጽሐፉ አገራችን ሲደርስ ሠዓሊዎቻችን ጥቁርና ነጩን ኅትመት ቀለም አልብሰው፣ በራሳቸው ወግ ብራና ላይ አሰፈሩት።

• በአገራችን የሥዕል ወግ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ አጋንንትና ከሃዲዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን።

• እመቤታችን እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን የታቀፈችበት ሥዕል መነሻው ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው። ቅጂውን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አመጡት፤ ሠዓሊዎቻችን የራሳቸው አደረጉት።

• ሌዲ ሚዩ የተባሉ እንግሊዛዊት ባለጸጋ ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጻሕፍት ነበሯቸው። ከእነዚህ አንዱን፣ ተአምረ ማርያምን፣ ባጅ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1900 ሥዕሎቹን በቀለም እያሳየ አሳተመው። ሴትዮዋ መጻሕፍቱ ለዓፄ ምኒልክ እንዲመለሱ ቢናዘዙም ኑዛዜው አልተፈጸመም፤ ኸርስት የተባለ አሜሪካዊ ገዛቸው።

• እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ዋናው ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል እንኳ ቃሉና ሥዕሉ ይተርፋል። ከአያት የወረሱት ክታብ ካለዎት ዛሬውኑ ከራስጌ እስከ ግርጌ ፎቶ ያንሡት፤ ዋናውንም አይሽጡት።