ዶላሩ ገባ፤ ሙያውስ?

እ.ኤ.አ. በ1979 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 130 ባንግላዴሻውያን ወደ ደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ ወደ ቡሳን ተጓዙ። የላካቸው ደሽ ጋርመንት የተባለ፣ ገና ማምረት ያልጀመረ የቺታጎንግ የልብስ ፋብሪካ ነው። ሠልጣኞቹ በዴው ኩባንያ ፋብሪካ ስድስት ወር ያህል ቆይተው የጨርቅ ቆረጣውን፣ ስፌቱን፣ የጥራት ቁጥጥሩንና የፋብሪካ አመራሩን ተምረው ተመለሱ።

ዴው ይህን ያደረገው ለጽድቅ አልነበረም። ከ1974 ጀምሮ ሀብታም አገሮች ከውጭ በሚያስገቡት ልብስ ላይ ኮታ ስለጣሉ የኮሪያ ፋብሪካዎች የፈለጉትን ያህል መላክ አልቻሉም። ባንግላዴሽ ግን ኮታ አልነበረባትም። ኮሪያውያኑ ከፋብሪካው አክሲዮን እንኳ አልገዙም፤ ላሠለጠኑበትና ገበያ ላፈላለጉበት ከሽያጩ ኮሚሽን ይወስዱ ነበር። ውሉም ብዙ ሳይቆይ በ1981 ፈረሰ።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ130ዎቹ መካከል 115ቱ ደሽን ለቀው ነበር። ከፊሎቹ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ ከፊሎቹ አዲስ የተከፈቱትን እንዲመሩ ተቀጠሩ። መንግሥትም መንገዱን ጠረገላቸው፤ ለኤክስፖርት የሚውል ጨርቅ ያለ ቀረጥ እንዲገባ፣ የልብሱ ገዥ በከፈተው ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ማረጋገጫ ሰነድ) ዋስትናም ጨርቅ የሚገዙበት ሌላ ኤልሲ እንዲከፍቱ ፈቀደ። ሙያ እንጂ ዶላር ያልነበረው ሰው ፋብሪካ ማቆም የቻለው በዚህ ነው። ደሽ ሠራተኞቹን አጣ፤ ባንግላዴሽ ግን ከዓለም ዋና ዋና ልብስ ላኪዎች አንዷ ሆነች።

ዴው ገንዘቡን ባያፈስም፣ ቀጥተኛ የውጭ ኢንቨስትመንት ለድሃ አገር ዕድገት ምን ይፈይዳል ለሚለው ጥያቄ ይህ ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። ባለሀብቱ የሚያመጣው ገንዘብ ፋብሪካ ያቆማል፤ ምርትና የሥራ ዕድልም ይጨምራል። ጭማሪው ግን ፋብሪካው ሙሉ አቅሙ ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ ከትርፉም ከፊሉ ወደ ባለቤቱ አገር ይመለሳል። ዕድገት ከዓመት ዓመት የሚቀጥለው ያው ሠራተኛ በዚያው ሰዓት የተሻለ ሲያመርት፣ ማለትም ምርታማነት ሲያድግ ነው። ገንዘብ በብድርም ይገኛል። የውጭ ኩባንያ ከባንክ የሚለየው አሠራሩን ይዞ መምጣቱ ነው።

ይሁን እንጂ አሠራሩ በራሱ አይዛመትም። ኤድዋርዶ ቦረንሽታይንና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሙት፣ 69 ታዳጊ አገሮችን ባካተተ ጥናት፣ የውጭ ኢንቨስትመንት ከአገር ውስጡ የበለጠ ዕድገት የሚያመጣው የሕዝቡ የትምህርት ደረጃ ከተወሰነ ወለል በላይ በሆነበት አገር ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። የሚቀበለው ሰው ከሌለ ዕውቀቱ ከግቢው አይወጣም።

ማን እንደሚማር መለየትም ያስፈልጋል። ብራያን አይትከንና አን ሃሪሰን የቬንዙዌላን ፋብሪካዎች ሲመረምሩ፣ የውጭ ድርሻ በጨመረበት ዘርፍ ያሉ የአገሬው ፋብሪካዎች ምርታማነታቸው ወርዶ አገኙት። እንግዳው ገበያቸውን ሲሻማቸው ያመርቱት የነበረው ቀነሰ፤ የቤት ኪራዩና የማሽኑ ወጪ ግን ባለበት ስለቀረ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ናረባቸው። ቤያታ ያቮርቺክ በሊትዌኒያ ያደረገችው ጥናት ደግሞ ሌላውን ገጽ አሳየ፤ ለውጭ ኩባንያዎች ግብአት በሚያቀርቡት ዘርፎች ምርታማነት ጨምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩባንያው ለተፎካካሪው ሙያውን ይደብቃል፤ ክርና ካርቶን ለሚያቀርብለት ግን ጥራቱ እንዳይጓደልበት ሲል ራሱ ያስተምረዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው ከሥራ አመልካቾች መካከል የሚቀጠሩትን በዕጣ ለዩ። ከተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመት ውስጥ ሥራውን ለቀቁ። ደመወዙ በራስ ሥራ ከሚገኘው አይበልጥም፤ ሥራው ግን ለጤና የከፋ ነበር። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ቤት ኪራይና ቀለብ ከተቀነሰለት በኋላ የሚተርፈው ሠራተኛ ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ የሁለቱን አገሮች ልዩነት ልብ ይሏል። ሠራተኛ ከባንግላዴሹም ከእኛም ፋብሪካ ወጥቷል። የደሾቹ የለቀቁት ከበቁ በኋላ ስለነበር ሙያቸው አብሯቸው ወጣ። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ የሚለቁት እጃቸው ሳይፍታታ ነው። ስለዚህ ባለሀብት መሳቢያ ተብሎ የሚጠቀሰው ርካሽ ጉልበት፣ ከባለሀብቱ ልናገኝ የምንችለውን ትልቁን ነገር ያስቀርብናል።

ኩባንያው ራሱም ይሄዳል። የካልቪን ክላይን ባለቤት ፒቪኤች በ2021 መጨረሻ፣ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ተጠቃሚነት አስወጣች። ኩባንያ ጥሎ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ኮስታ ሪካም ታውቀዋለች። ኢንቴል እዚያ ያለውን የማይክሮፕሮሰሰር መገጣጠሚያ እንደሚዘጋ በ2014 ሲያስታውቅ 1,500 ያህል የሥራ ቦታዎች ተሰረዙ። ነገር ግን መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች በአገሪቱ ነበሩ፤ የሕክምና መሣሪያ አምራቾችም እየተስፋፉ ነበር። ዛሬ የኮስታ ሪካ ዋነኛ የወጪ ንግድ ዕቃ የሕክምና መሣሪያ ነው።

እንግዲህ የኢንቨስትመንት ሪፖርት የገባውን ዶላርና የተቀጠረውን ሰው ብቻ ቆጥሮ ቢያቆም ግማሹን ነው የነገረን። ሠራተኛው በአማካይ ስንት ወር ቆየ? ስንት ኢትዮጵያውያን ከኦፕሬተርነት ወደ ሱፐርቫይዘርነትና ሥራ አስኪያጅነት አደጉ? ከግብአቱ ምን ያህሉ ከአገር ውስጥ ተገዛ? ከፓርኩ የወጡ ስንቶቹ የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ? የግብር እፎይታ፣ መሬትና መብራት ሲሰጥ ውሉ በእነዚህ ጥያቄዎች ቢታሰር፣ ባለሀብቱ ቢሄድ እንኳ የከፈልንበትን ሙያ ይዞብን አይሄድም።