ሚኒትመን፦ በቅጽበት የሚከትት ሚሊሻ

የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ሲተረክ፣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ያገኘውን ጠመንጃ አንግቶ በድንገት የወጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1775 የእንግሊዝን ጦር የገጠመው ኃይል ግን ወራት ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር።

በማሳቹሴትስ ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለው አብዛኛው ወንድ የሚሊሻ ግዴታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1774 የቅኝ ግዛቱ ጉባኤ ከሚሊሻው ሩብ ያህሉ ተለይቶ፣ ቢያንስ ሃምሳ ሃምሳ ሰው በያዘ ጓድ እንዲደራጅና በተጠራ ቁጥር ወዲያው እንዲዘምት ወሰነ። ሚኒትመን (የደቂቃ ሰዎች) የተባሉት እነዚህ ናቸው። አለቆቻቸውን የሚመርጡት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ለልምምዱ ቀን አበል የሚከፍሉ ከተሞችም ነበሩ።

የእንግሊዙ ጄኔራል ቶማስ ጌጅ ቅኝ ተገዢዎቹ በኮንኮርድ ከተማ ያከማቹትን መሣሪያ እንዲያጠፉ 700 ያህል ወታደሮች በኤፕሪል 19 ዋዜማ ሌሊት ከቦስተን ላከ። ፖል ሪቪርን የመሰሉ ፈረሰኞች ቀድመው ወሬውን አደረሱ፤ ደወልና ከበሮ ከመንደር መንደር ተቀባበሉት። ጎህ ሲቀድ በመንገዱ ላይ ባለችው ሌክሲንግተን የቆሙት የሻምበል ጆን ፓርከር 77 ያህል ሰዎች መደበኛ ሚሊሻዎች ነበሩ። ስምንቱ እዚያው ወደቁ።

በኮንኮርድ ድልድይ ግን 400 ያህል ሰው ተሰብስቦ ጠበቀ። ከፊት የተሰለፈው የአክተን ከተማ ጓድ ነው፤ ምክንያቱም ሳንጃ ነበረው። የዘመኑ ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፦ የባሩዱን ጥቅል በጥርስ መቅደድ፣ ባሩዱንና ጥይቱን መጨመር፣ በዘንግ መጠቅጠቅ። የሠለጠነ ወታደር እንኳ በደቂቃ ከሦስት ጊዜ ብዙም አይተኩስም። በመሃሉ ጠላት ከደረሰ ያለው መከላከያ ሳንጃ ብቻ ነው። የአክተኑ አለቃ አይዛክ ዴቪስ በሙያው ጠመንጃ ሠሪ ነበር። እሱ ገና በጅምሩ ተመትቶ ወደቀ፤ እንግሊዞቹ ግን ድልድዩን ለቀው ሸሹ።

በመልሱ ጉዞ ከየመንደሩ አዳዲስ ጓዶች እየደረሱ፣ ከድንጋይ ካብና ከዛፍ ጀርባ አጣደፏቸው። በዕለቱ ከእንግሊዝ ወገን 73 ሞቱ፣ 174 ቆሰሉ፣ 26 የገቡበት ጠፋ።

የሥርዓቱ ድክመትም ወዲያው ታየ። ጁን 17 በባንከር ሂል ውጊያ ቅኝ ተገዢዎቹ ሁለት ጥቃት ከመለሱ በኋላ ባሩድ አለቀባቸውና ከ1,000 በላይ እንግሊዞችን ገድለውና አቁስለው ኮረብታውን ለቀቁ። የቅኝ ግዛቶቹ የጋራ ጉባኤ የሆነው አህጉራዊው ኮንግረስ ከዚያ ውጊያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መደበኛ ጦር እንዲቋቋም ወስኖ ነበር፤ በማግስቱም ጆርጅ ዋሽንግተንን አዛዥ አደረገ። የሚሊሻ ጥሪ የአንድ ቀን ጦርነት ይመክታል፤ እስከ 1783 ለዘለቀው ጦርነት ግን ደመወዝ፣ ስንቅና የአገልግሎት ውል ያለው ሠራዊት ያስፈልግ ነበር።