ስብከትን በሚገባ ስለ መስማት

እሑድ ረፋድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ያገኛችሁትን ወዳጃችሁን «ዛሬ ምን ተሰበከ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት መልስ «እጅግ ደስ የሚል ስብከት ነበር» የሚል ነው። «ምን የሚል ነበር?» ብላችሁ ጥቂት ብትጨምሩበት ግን ወዳጃችሁ ዝም ብሎ ያስባል፤ ከዚያም የሰባኪው ድምፅ ያማረ እንደ ነበረ፣ ሕዝቡም ቅጽሩን ሞልቶ እንደ ነበረ፣ በመካከልም አንድ የሚያስቅ ምሳሌ እንደ ተነገረ ይተርክላችኋል። ምሳሌው ለምን እንደ ተነገረ ግን ጠፍቶበታል። በዚህ ወዳጃችን ላይ አንፍረድ፤ እኛም ብንጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንምና። አንድ ሰዓት ሙሉ በጆሮ የገባ ነገር የቤት ደጃፍ ሳይደርስ የሚጠፋበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ በራዲዮ ጥቂት ተናግረን ነበር። እነሆ አሁን ቃሉ በጋዜጣ ታትሞ ሲቀርብ፣ በራዲዮ የሰማችሁት ሁሉ ከዚህ በታች ያለውን ሳታነቡ ምን ያህሉ እንደ ቀረላችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁ፣ ጉዳዩን እኛ ከምናስረዳው ይልቅ እናንተው ታስረዱታላችሁ።

የስብከት ነገር በተነሣ ጊዜ ሁላችንም መመርመር የምንወደው ሰባኪውን ነው። ይህኛው ያስረዝማል፤ ያኛው ይጮኻል፤ ሌላው ከርእሱ ይወጣል እንላለን። የምንለውም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ዐውደ ምሕረት፣ ከአንድ መምህር አፍ፣ አንዱን ስብከት የሰሙ ሁለት ሰዎች አንዱ የሳምንት ስንቅ ይዞ ሲሄድ ሌላው ባዶ እጁን የሚመለስበትን ምክንያት በሰባኪው ማሳበብ አይቻልም። ስለዚህ የሰሚው ድርሻ የቱ እንደ ሆነ መመልከት ይገባናል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን፣ ደስ በሚያሰኝ አጋጣሚ፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ታሪኩ የተጻፈለት የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በግምጃ ቤቷ ላይ የተሾመ ባለሥልጣን፣ በእኛ አነጋገር በጅሮንድ ነበር። ለመስገድ ኢየሩሳሌም ደርሶ በጋዛ መንገድ ወደ ሀገሩ ሲመለስ፣ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር። ፊልጶስ የቀረበውም የንባቡን ድምፅ ሰምቶ ነው። እንግዲህ ይህ ሹም መምህሩን ከማግኘቱ በፊት ያደረገውን ልብ በሉ። አንብቧል፤ ሲያነብም አሳቡ የተዘጋበትን ቦታ ለይቶ ዐውቋል። «እስቲ አንድ ነገር አስተምረኝ» አላለም፤ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ነው የጠየቀው። ፊልጶስም ትምህርቱን የጀመረው ከዚያችው ከተጠየቀባት ቦታ ነው። ስብከቱን የከፈተው የሰሚው ጥያቄ ነበር ማለት ነው። ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ፤ ውኃ ካለበት ሲደርሱ ልጠመቅ ብሎ የጠየቀ ራሱ ሰሚው እንጂ ሰባኪው አልነበረም።

የእኛ ችግር እንግዲህ ሳናነብና ሳንጠይቅ መሄዳችን ነው። ይህም ማመካኛ የሌለው ችግር ነው፤ በየዕለቱ የሚነበበው አስቀድሞ ተወስኖ በግጻዌ ተጽፏልና። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ረዳቱ ካህን ከሐዋርያት ሥራ ካነበቡ በኋላ፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠው ምስባክ ይዜማል፤ ወንጌሉም ይከተላል። እነዚህ ንባባት በአንድ ቀን የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱ የሌላው ማብራሪያ እንዲሆን ተመርጠው ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይቀላል፤ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና 8ቱም እሑዶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸውና፣ ብዙዎቹም ስማቸው ራሱ የሚነበበውን ወንጌል ያመለክታል። መጻጉዕ ሲባል የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ ኒቆዲሞስ ሲባል ምዕራፍ 3 መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቅዳሜ ማታ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ግጻዌውም ዛሬ በመጽሐፍም በእጅ ስልክም ይገኛል።

ይህ ሩብ ሰዓት ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ እናሳይ። የዐቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ የሚነበበውም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ያለው የመክሊት ታሪክ ነው። ጌታቸው መንገድ ሲሄድ ለአንዱ አገልጋይ 5፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 መክሊት ሰጠ፤ ሁለቱ ነግደው አተረፉ፣ ሦስተኛው መሬት ቈፍሮ ቀበረ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀውም አንሰማውም። ዛሬ በአነጋገራችን መክሊት ማለት የተፈጥሮ ስጦታ፣ የእጅ ጥበብ ወይም ያማረ ድምፅ ሆኗልና፣ ስብከቱ ሲጀመር «እኔ ዘፋኝ ወይም ሠዓሊ አይደለሁም» ብለን በልባችን ከነገሩ እንወጣለን።

ቅዳሜ ማታ አንብቦ «መክሊት ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። መክሊት በጥንት ጊዜ የሚዛን ስም ነበር፤ አንድ የብር መክሊትም 6,000 ዲናር ያህል ይሆን ነበር። በዚያው በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። በዓመት 300 ቀን ይሠራል ብለን ብናስብ፣ 6,000 ቀን የ20 ዓመት ድካም ማለት ነው። እንግዲህ «1 ብቻ የተሰጠው ምስኪን» እያልን የምናዝንለት አገልጋይ የተቀበለው የአንድን ሰው የ20 ዓመት አገልግሎት ዋጋ ነው። ደግሞም ይህ ሰው አልሰረቀም፤ አላባከነም፤ የተቀበለውን አንዲት ሳያጐድል መልሷል። ሒሳብ መርማሪ ቢመጣበት ጉድለት አይገኝበትም። ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ በዐውደ ምሕረቱ ፊት የቆመ ሰው እንቅልፍ ሊይዘው አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ኀላፊ ሆኜ ሳገለግል፣ በገብር ኄር ዕለት የተሰጠውን ስብከት ሰምቼ በጣም ተደስቼ ነበር፤ እንባዬ እንኳ ቀርቦ ነበር። በዚያው ሰሞን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ስለ ጡረታ አበል ይመላለሱ ነበር። መዝገቡ ጥቂት የተወሳሰበ ነበርና፣ ፈርሜ ብሳሳት እጠየቃለሁ ብዬ ከታችኛው መሳቢያ አስቀመጥሁት። ሴትዮዋ በመጡ ቍጥር «ነገሩ ገና በምርመራ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ፣ እናቴ» እላቸው ነበር። ጉቦ አልጠየቅሁም፤ ወረቀቱንም አልጣልሁም። ዓመቱ ዞሮ ያው እሑድ ሲመጣ፣ በዚያ ጊዜ ምዕራፉን ከዋዜማው አንብቤ ነበርና፣ ብዙ ጊዜ የሰማሁትን ነገር የዚያን ዕለት መጀመሪያ አየሁት፤ አገልጋዩ መክሊቱን ለምን እንደ ቀበረ ሲጠየቅ ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነው። ሰባኪው ይህን ቃል ያነሣው በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእኔ ግን ሌላ አላስፈለገኝም።

ሰኞ ጧት መሳቢያውን ከፈትሁ። መዝገቡ እንዳስቀመጥሁት ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ግን መምጣት ካቆሙ ወራት ሆኗቸው ነበር። በአድራሻቸው ብንፈልጋቸው የኪራይ ቤቱን ለቀው ወደ ትውልድ ሀገራቸው መሄዳቸው ተነገረን፤ በዘመድ በኩል አስጠርተን የተጠራቀመው አበል ተከፈላቸው። ዓመቱን በምን እንደ ኖሩ አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ አፍሬ ነበር።

ከዚህ በኋላ በስብከቱ ጊዜ ስለሚደረገው ነገር ማውራት አጭር ነው። ሁሉን ለመያዝ የሚሞክር ሁሉን ያፈስሳል፤ ስለዚህ ከምስባኩና ከወንጌሉ የተነሣውን አንዱን ነገር ተከትሎ መሄድ ይበቃል፤ ምሳሌው ሲመጣም ለየትኛው ነገር እንደ መጣ መጠየቅ ነው። አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። የሀገራችን የትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ቃል በብዙ መንገድ «አንድም» እያሉ ይፈቱታል። ይህን ልማድ የማያውቅ ሰሚ፣ መምህሩ መክሊትን አስቀድሞ በዕውቀት፣ ቀጥሎ በክህነት አገልግሎት፣ ከዚያም በሀብት ሲፈታው «ቅድም ያለውን አሁን አፈረሰው» ብሎ ይደናገራል። አላፈረሰም፤ አንዱን ዕንቍ እያገላበጠ ያሳያል እንጂ። ሰሚው ከእነዚህ ፍቺዎች የትኛው በር የእርሱን ቤት እንደሚያንኳኳ መለየት ይኖርበታል።

ድካምና እንቅልፍም አለ። በጢሮአዳ ቅዱስ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር አውጤኪስ የተባለ ጐበዝ በመስኮት ተቀምጦ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ከ3ኛው ደርብ ወድቋል። ሐዋርያው ወርዶ አነሣው፤ እንደ ገሠጸው ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ሌሊቱን በማሕሌት የቆመ ሰው ቢያንቀላፋ አንደነቅበት። ስልክ ግን ሌላ ነገር ነው። ስብከቱን በስልካቸው እየቀዱ በዚያው ስልክ ሌላ ነገር የሚመለከቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ «ኋላ እሰማዋለሁ» ይላሉ። ይህ መክሊቱን ከመቅበር በምን ይለያል ብዬ ብጠይቅ በቀልድ ይቈጠርልኝ። የምትሰሙት ነገር ትክክል አልመስል ሲላችሁም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ተቈጥታችሁም አትውጡ። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ ከሰሙ በኋላ ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ዕለት ዕለት በመጻሕፍት መርምረዋል፤ ስለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም።

ዋናው ሥራ ያለው ከስብከቱ በኋላ ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናቱ ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ ሰው የተማረውን ነገር እጅግ የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ፣ ይህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነብበው ነበር፤ አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፣ ሌላው ወገን መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በልጠው ተገኙ። ይህን ያነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የየቤታችን የእሑድ ቡና ነው። በአንዳንድ ቤት እናቶች ገና ቡናው ሳይቀዳ «የዛሬው ወንጌል ምን ይላል?» ብለው ልጆችን ይጠይቃሉ። ልጁ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ይጀምራል፤ ይሳሳታል፤ ታላቁ ያርመዋል። ይህ ትግል ራሱ ነገሩን በልብ የሚተክለው ነው። ቤት የሚቀሩትና በሕመም ምክንያት ያልሄዱት አረጋውያንም በዚያው ድርሻቸውን ያገኛሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ በመንገድ ሳለ 2 መስመር በማስታወሻው ቢጽፍ፣ የሰኞውንም ሥራ አስቦ ይህ ነገር የትኛውን መዝገብ፣ የትኛውን ባለጉዳይ ይነካል ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል።

በእኛ ቤት ባለፈው የገብር ኄር እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ስለ 6,000ው ዲናርና ስለ 20 ዓመቱ በሰፊው ካስረዳሁ በኋላ፣ ታናሺቱ ልጅ «አባዬ፣ 5 ስለ ተቀበለው ይሰበካል፣ 1 ስለ ቀበረው ይሰበካል፤ 2 ስለ ተቀበለው ሰውዬ ግን ለምን ማንም አይናገርም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ያህል አንድ ነገር ለማለት ጀምሬ ተውሁት። እርስዋም ጥያቄዋን በደብተሯ ጻፈች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለመምህሩ ልታቀርበው ገና ከሐሙስ ጀምሮ ቀሚሷን ታዘጋጅ ነበር።